ስሙን የማይጽፍ ጸሐፊ
(በሬዲዮ የተነገረ የታሪክ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ስሙ አዲስ፥ ግብሩ ግን አሮጌ ነው። በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር መረብ ሰውን መስደብ፥ ማስፈራራት፥ ስም ማጥፋት፥ በሌላ ሰው ስም ተሸሽጎ መጻፍ፥ የሰውን ገመናና መኖሪያ ለአደባባይ ማውጣት በዘመናችን የተስፋፋ በደል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰዎች ይህን በደል ኢንተርኔት የወለደው አድርገው ይናገራሉ። ታሪክን ገልጦ ለሚመለከት ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ኢንተርኔት ወደ ዓለም ሲመጣ በደለኛው ልማዱ በስሎ፥ ዘዴው ተሟልቶ ይጠብቀው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከመሣሪያው ይልቅ ስለ ሰውየው፥ ማለት ስሙን ሳይጽፍ ስለሚጽፈው ጸሐፊ ነው። ከእርሱም ጋራ ሌላ አንድ ሰው እንከታተላለን፤ ይኸውም ወረቀቱን አግኝቶ ለጎረቤቱ የሚያሳየው ሰው ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው በታሪክ መጻሕፍት ብዙ አይወሳም፤ በእኔ አስተያየት ግን የነገሩ ቁልፍ ያለው በእርሱ እጅ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን፤ የአገራችንን አዋጆች ስናነሣ ግን በራሳችን አቆጣጠር እንናገራለን።

በሮማ መንግሥት ዘመን የጸሐፊው ስም የሌለበት የስድብና የክስ ጽሑፍ በአደባባይና በሰው ደጃፍ መጣል የተለመደ ነገር ነበር። በ112 ዓመተ ምሕረት ገደማ በታናሽ እስያ የቢታንያ አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ፥ ስለ ክርስቲያኖች ፍርድ ምክር ፈልጎ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ ሲጽፍ፥ የብዙ ሰዎች ስም የተዘረዘረበት ፊርማ የሌለው ወረቀት እጁ እንደ ገባ ገልጾለት ነበር። ትራያኖስ የክርስቲያኖች ወዳጅ አልነበረም፤ ተከሰው በእምነታቸው የጸኑት እንዲቀጡ ፈቅዷል። ሆኖም ስም በሌለው ወረቀት ማንም ሰው እንዳይከሰስ አዘዘ፤ እንዲህ ያለው ነገር መጥፎ አርአያ ከመሆኑም በላይ ለዘመናቸው የማይገባ ነው ሲል መለሰለት። ሊቀጣው የሚፈልገውን ሰው እንኳ በእንዲህ ያለ ማስረጃ ለመቅጣት ሳይፈቅድ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ታላቁ ቆስጠንጢኖስና ተከታዮቹ ነገሥታት በዚሁ ጉዳይ ላይ ሕግ ደጋግመው አወጡ። መደጋገሙ ራሱ በደሉ አለመጥፋቱን ያስረዳል። ከእነዚህ ሕጎች መካከል በ365 ዓመተ ምሕረት በዋለንቲኒያኖስና በዋሌንስ ዘመን የወጣው ግን በልዩ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የሕጉ ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሰው ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ በቤትም ሆነ በአደባባይ ሳያስበው ቢያገኝ፥ ሌላ ሰው ሳያየው ይቅደደው፤ ወይም ማግኘቱን ለማንም አይንገር። ወዲያው ሳያጠፋው ቀርቶ በውስጡ ያለውን ነገር ለሌላ ቢገልጥ፥ ራሱ እንደ ጻፈው ተቆጥሮ በሞት ይቀጣል። ይህ ሕግ ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ ገደማ በዮስጢኒያኖስ የሕግ ስብስብ ውስጥ ገብቶ ለመጪው ትውልድ ተላልፏል።

የቅጣቱ ጭካኔ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚመኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ሐሳቡ ግን የሚናቅ አይደለም። የሮማ ሕግ አውጪዎች የተገነዘቡት፥ ስሙን የሸሸገው ጸሐፊ ብቻውን ማንንም ሊጎዳ አለመቻሉን ነው። በመንገድ የወደቀ ጽሑፍ አንሥቶ የሚያነበውና ለሌላ የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ብጣሽ ወረቀት ነው። ይህን የ365 ዓመተ ምሕረት ሕግ ወደ ኋላ እንደገና ስለምንፈልገው አድማጮቻችን እንዲያስታውሱት እንለምናለን።

በእኛም አገር ቢሆን የተሸሸገን እጅ ለማግኘት የኖረ ሥርዓት ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውን ትልልቆቹ አድማጮቻችን ያውቁታል። ማን እንደ ሠራው ያልታወቀ ስርቆት፥ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደድ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነም ጉዳቱን አገሩ በሙሉ ይከፍላል። ሥርዓቱ ገበሬውን ሥራ የሚያስፈታ፥ ንጹሑን ከበደለኛው ጋራ የሚያጉላላ ስለ ነበረ በዘመናዊ ሕግ መተካቱ አያስቆጭም። ነገር ግን ሁሉም ሰው ሁሉን በሚያውቅበት አገር የተሸሸገ እጅ ብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ሊኖር አይችልም በሚል እምነት ላይ የቆመ ነበር። ከተማ ሲሰፋና ደብዳቤ በማያውቁት ሰው እጅ መጓዝ ሲጀምር ግን ይህ እምነት የሚያዛልቅ አልሆነም።

የፖስታ ሥራ የተለወጠው በ1840 በእንግሊዝ አገር ነው። ከዚያ በፊት የደብዳቤውን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ሲሆን፥ ዋጋውም እንደ መንገዱ ርቀት ይለያይ ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለው ሰው ባቀረበው አሳብ መሠረት ላኪው አንድ ፔኒ የሚያወጣ ቴምብር ለጥፎ ወደ ፈለገው የአገሩ ክፍል እንዲልክ ተፈቀደ። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የደብዳቤ ብዛት በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ደረሰ። ለንግድ፥ ለትምህርትና ለቤተ ዘመድ ያስገኘው ጥቅም ይህ ነው ተብሎ አይቆጠርም። ነገር ግን ፍቅረኞች በሚላላኩበት በቅዱስ ቫለንታይን ዕለት፥ ፊርማ የሌለው የፌዝ ወረቀት ለማያውቁትም ለሚያውቁትም ሰው መላክ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልማድ እየሆነ መጣ። ራሰ በራው፥ ሳታገባ ዕድሜዋ የገፋው ሴት፥ ባለ ሱቁ፥ ሰካራሙ፥ ሁሉም የሚያዋርድ ሥዕልና ግጥም የታተመበት ርካሽ ወረቀት ይደርሰዋል። በኋላ ዘመን ሰብሳቢዎች የኮምጣጤ ካርድ የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ማን እንደ ላከው የማይታወቅ፥ ባለቤቱ ግን በየጎረቤቱ ዐይን ላኪውን ሲፈልግ የሚውልበት ስድብ ነው።

የፖስታ ካርድ ሲስፋፋም ሌላ ችግር መጣ። ደብዳቤ የታሸገ ነው፤ ካርድን ግን ፖስተኛው፥ ሠራተኛዪቱና የደጁ ዘበኛ ሁሉ ያነቡታል። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1884 ባወጣው የፖስታ ሕግ በመልእክቱ የውጭ ገጽ ላይ ነውረኛ ወይም እጅግ የሚያስቀይም ቃል ጽፎ መላክን ከለከለ። በውስጥ ለተጻፈውና በውጭ ለተጻፈው ልዩነት ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። በውጭ የተጻፈው ሦስተኛ ሰው የሚያነበው ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን እንግባ። ቱል በፈረንሳይ አገር የኮሬዝ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። የሙሽራ መሸፈኛ የሚሠራበት ስስ ጨርቅ ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ነው ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን 13,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በ1917፥ የከተማው ጎልማሶች በጦር ሜዳ ሳሉ፥ በአውራጃው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ፊርማ የሌላቸው ደብዳቤዎች ይደርሷቸው ጀመር። ጽሕፈቱ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ስለ ሆነ የማን እጅ እንደ ሆነ አይለይም። እገሌ ከእገሊት ጋራ ይሄዳል፤ የእገሌ ልጅ የእርሱ አይደለም፤ እገሌ ስለ አለቃው እንዲህ ብሎ አምቷል፤ የሚል ነበር።

ደብዳቤዎቹ ሁልጊዜ በፖስታ አይመጡም። በመንገድ ዳር፥ በመስኮት ደፍ፥ በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ተጥለው ይገኙ ነበር። አንድ ጊዜም የባለትዳሮችና የወዳጆቻቸው ስም የተዘረዘረበት ወረቀት በከተማው ቲያትር ቤት በር ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ በግርጌውም «የነብር ዐይን» የሚል ፊርማ ነበረበት። እስከ 1922 ድረስ 110 ያህል ደብዳቤዎች ተቆጥረዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያለ ፊርማ የመጣ ወረቀት አይቶ የማያውቅ አይመስለኝም፤ ስለዚህ በቱል መሥሪያ ቤት በእነዚያ ዓመታት ምን ዓይነት ኑሮ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግረንም። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለው ምስጢር ከመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ውጭ የማይታወቅ ስለ ነበረ ጸሐፊው ከመካከላቸው አንዱ መሆኑን ሁሉም ተረድቷል። ትናንት ሻይ አብሮ የጠጣው ባልደረባ ዛሬ ይጠረጠራል። ሚስት ባሏን፥ ባልም ሚስቱን ይጠራጠራል። እንዲያውም አንድ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ በዚሁ ነገር አእምሮው ታውኮ ሞቷል። መርማሪው ዳኛ መላ ቢያጣ ሰውን አስተኝቶ በማናገር የተሰወረውን እናወጣለን ከሚሉ ሰዎች ዘንድ ርዳታ እስከ መጠየቅ ደርሶ የጋዜጦች መሣቂያ ሆነ። ሌባ ሻይ የሚባለውን የእኛን አገር የጥንት ልማድ የሚያውቅ ሰው በዳኛው ላይ ለመሣቅ አይቸኩልም።

በመጨረሻ ከሊዮን ከተማ ኤድሞን ሎካር ተጠራ። ይህ ሰው በ1910 በሊዮን የፖሊስ የምርመራ ላቦራቶሪ ያቋቋመና በዚህ ሥራ ከዓለም ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በጥር ወር 1922 የተጠረጠሩትን ሴቶች ሰብስቦ ቃል እየነገረ አስጻፋቸው። ከመካከላቸው አንዲቱ፥ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት፥ ጥቂት መስመር ለመጻፍ እጅግ ብዙ ጊዜ ወሰደች። እያንዳንዱን ፊደል ታስብበታለች፤ ትደልዘዋለች፤ መልሳም ታስተካክለዋለች። ሎካር ግን አልቸኮለም፤ ገጽ በገጽ እየጨመረ ማስጻፉን ቀጠለ። ድካም ሲመጣ ጥንቃቄ ይሄዳል። እጇ የሸሸገችውን ጽሕፈት እጇ ራሱ አወጣው።

ይህች ሴት ከተበዳዮቹ ጋራ ሆና እኔም ደብዳቤ ደረሰኝ እያለች ስታማርር የኖረች ነበረች። የነገሩ መነሻ ሆኖ የተነገረው፥ አለቃዋን እንደ ወደደችና እርሱ ግን ሌላዪቱን የመሥሪያ ቤት ባልደረባ እንዳገባ ነው። ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ የደረሰው ሐዘን ብዙ ነው፤ እናትና ልጅ ኀፍረቱን መሸከም አቅቷቸው ወደ አንድ ኩሬ ሄዱ፤ እናቲቱ ሞተች፤ ልጂቱ ተረፈች። በታኅሣሥ 1922 ፍርድ ቤት በሕዝብ ፊት ስም በማጥፋትና በመስደብ ጥፋተኛ ናት ብሎ በገደብ የአንድ ወር እስራትና የ100 ፍራንክ መቀጮ ፈረደባት። የአእምሮዋ ሁኔታ ተመዝኖ ቅጣቱ እንደ ቀለለ ይነገራል። ከዚያ በኋላ እስከ 1967፥ እስከ ዕለተ ሞቷ፥ ኖራለች። በ1943 ክሉዞ የተባለው የፊልም ሠሪ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «ቁራ» የሚል ፊልም ሠራ፤ ከዚያም ወዲህ ፈረንሳዮች ስሙን ሳይጽፍ የሚጽፈውን ሰው ቁራ ብለው ይጠሩታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ቱል የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ስለ ሴቲቱ ልብ ብዙ ይመራመራሉ፤ ፍቅር ነው፥ እብደት ነው፥ ቅናት ነው ይላሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ያ በመንገድ ዳር የተጣለ ደብዳቤ ነው። አንድ ሰው በ110 ደብዳቤ 13,000 ሰው አያውክም። ከተማው የታወከው እያንዳንዱ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ፥ ከአፍ ወደ አፍ ስለ ተላለፈ ነው። ሴቲቱም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ባታውቅ ኖሮ ሁሉንም በፖስታ ትልከው ነበር እንጂ በመስኮት ደፍ ላይ ባላስቀመጠችው ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት በእንግሊዝ ደቡብ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሊትልሃምፕተን ከተማ የደረሰው ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ነው። በ1920 አንዲት ጨዋ ተብላ የምትታወቅ ሴት፥ ጎረቤቷ የሆነች የድኻ ቤተ ሰብ እመቤት ጸያፍ ስድብ የተሞላባቸው ደብዳቤዎች ትልክብኛለች ብላ ከሰሰች። ደብዳቤዎቹ የተከሳሽዋን ስም የሚያመለክቱ ስለ ነበሩ ድኻይቱ ሁለት ጊዜ ተፈርዶባት ወህኒ ወረደች። በ1921 ነገሩ እንደገና ሲመረመር ሴቲቱ ንጹሕ መሆኗ ታውቆ ፍርዱ ተሻረ፤ ደብዳቤዎቹን የምትጽፈው ከሳሽዋ ራሷ ሳትሆን እንደማትቀር ተደረሰበት። ይሁን እንጂ ጨዋዪቱ በፍርድ ቀን ስትቀርብ፥ ዳኛው እንዲህ ያለች የተከበረች ሴት ያን ቃል ትጽፋለች ብሎ ማመን አቃተው፤ በነጻም ተለቀቀች። ደብዳቤዎቹም ቀጠሉ። በ1923 የፖስታ ቤት ሠራተኞች በማይታይ ቀለም ምልክት ያደረጉባቸውን ቴምብሮች ለእርሷ ብቻ እንዲሸጡላት ካደረጉ በኋላ፥ ምልክቱ በስድብ ደብዳቤ ላይ ተገኘ። የአሥራ ሁለት ወር እስራትም ተፈረደባት።

በሌላ ሰው ስም ጽፎ ያን ሰው ማስወቀስ ዛሬ በየቀኑ የምንሰማው ነው። በሊትልሃምፕተን ንጹሑን ያሳሰረው የደብዳቤው ተንኮል ብቻ አልነበረም፤ ድኻዪቱ ተሳዳቢ ልትሆን ትችላለች፥ ጨዋዪቱ ግን አትችልም የሚለው የሰው ሁሉ ግምት ነበር።

ስልክ ሲመጣ በደሉ ድምፅ አገኘ። በእንግሊዝ አገር በ1935 የወጣው የፖስታ ሕግ በስልክ እጅግ የሚያስቀይምና ነውረኛ ቃል መናገርን ወንጀል አደረገ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ መስመር የሚያገናኙትን ሴቶች ሠራተኞች ከስድብ ለመጠበቅ ነው። የዚህ ሕግ ቃል ከአዋጅ ወደ አዋጅ ሲሻገር ቆይቶ በ2003 በወጣው የመገናኛ ሕግ ውስጥ ስለ ኮምፒዩተር መልእክት ጭምር ሲነገርበት እናገኘዋለን። በአሜሪካ ከግዛት ወደ ግዛት በስልክ ማስፈራራትና ማዋከብ በመላው አገር ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። በዚያ ሕግ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ልብ ማለት ይገባል፤ ደዋዩ አንድም ቃል ባይናገር እንኳ ተቀባዩን ለማወክ ደጋግሞ መደወሉ ብቻ ጥፋት ነው። ዝምታም ማስፈራሪያ ሊሆን እንደሚችል ሕግ አወቀ ማለት ነው። በ1987 በኒው ጀርሲ የደዋዩን ቁጥር ለተቀባዩ የሚያሳይ አገልግሎት ሲጀመር ግን ብዙ ሕግ ያልሠራውን ሥራ ያ ትንሽ መስኮት ሠራው።

እንግዲህ ኢንተርኔት ሲመጣ በደለኛው የነበረበት ችግር ሁሉ አንድ በአንድ ተነሣለት። የቱልዋ ሴት ወረቀት መግዛት፥ ጽሕፈቷን መሸሸግ፥ ማንም ሳያያት ወረቀቱን መጣል ነበረባት፤ 110 ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት ዓመት ፈጀባት። ዛሬ ይህን ያህል መልእክት ለመላክ አንድ ሰዓት ይበቃል። ወረቀት ይቀደዳል፤ በመረቡ ላይ የወጣ ነገር ግን አንዱ ሲያጠፋው ሌላው ገልብጦ አስቀምጦታል። ስድብ ቀድሞ በሩን ዘግቶ የተቀመጠን ሰው አያገኘውም ነበር፤ አሁን ከኪስ ውስጥ ይጠራል፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ቢሄድም አብሮት ይሄዳል።

የሊትልሃምፕተን ዘዴ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ እንደገና ታየ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የነበረ ሰው ፍቅሩን ያልተቀበለችውን ሴት ለመበቀል፥ በኮምፒዩተር መረብ ላይ በእርሷ ስም ሆኖ ለወንዶች የሚያሳፍር ግብዣ ጻፈ፤ ስልኳንና አድራሻዋንም ጨመረበት። ቢያንስ ስድስት ጊዜ የማታውቃቸው ወንዶች በሯን አንኳኩ። ካሊፎርንያ የክትትል ወንጀል ሕጓን ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ገና ማስፋቷ ስለ ነበረ ሰውየው በ1999 ጥፋቱን አምኖ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። በዚህ ነገር የምንመለከተው እንግዳ ሥራ አለ። በደለኛው ራሱ ከቤቷ ደጅ አልደረሰም፤ እግርና እጅ የሆኑት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

በ2006 በሚዙሪ የደረሰው ግን ሕግ ያልተዘጋጀበት ነበር። የጎረቤት ሰዎች፥ አንዲት ለአቅመ አዋቂ የደረሰች እናት ጭምር፥ በሌለ ወጣት ስም ገጽ ከፍተው አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ወዳጅ አደረጓት፤ በኋላም ያው የሌለ ወጣት በስድብ ተመለሰባት። ልጂቱ ሕይወቷን አጣች። ዐቃቤ ሕግ ለነገሩ የሚሆን ሕግ ፈልጎ ቢያጣ፥ ሴቲቱን የገጹን ኩባንያ የአገልግሎት ውል አፍርሳለች በሚል በኮምፒዩተር ማጭበርበር ሕግ ከሰሳት፤ በ2008 በቀላል ወንጀል ጥፋተኛ ተባለች፤ በ2009 ግን ዳኛው ፍርዱን ሻረው። እንዲህ ያለ ውል ያፈረሰ ሁሉ ወንጀለኛ ከተባለ አገሩ በሙሉ ወንጀለኛ ይሆናል የሚለው ክርክር ሚዛን ደፍቶ ነበር። የሚዙሪ ግዛት የማዋከብ ሕጉን ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ያሰፋው በ2008 ነው። ዳኛው ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም፤ ያልተጻፈ ሕግ ሊፈርድ አይችልምና።

ከሁሉ አዲስ የሆነው መልክ ግን የብዙ ሰው ስድብ ነው። ሞኒካ ሉዊንስኪ በ1998 ስሟ በዓለም ሲዛመት ገና ወጣት ነበረች፤ በ2015 ባደረገችው የታወቀ ንግግር በኢንተርኔት በአንድ ሌሊት በዓለም ፊት ክብራቸውን ካጡት የመጀመሪያዋ መሆኗን አስረድታለች። ሺህ ሰው እያንዳንዱ አንድ መስመር ብቻ ሲጽፍ፥ እያንዳንዱ እኔ ምን አደረግሁ ይላል። ሎካር በሕይወት ቢኖር እንኳ የማንን እጅ ይመረምራል? አብዛኛውም ስሙን አልሸሸገም።

አሁን ያቆየነውን የ365 ዓመተ ምሕረት ሕግ እናንሣ። የሮማ ሕግ አግኝቶ ያሳየውን እንደ ጻፈው ቆጠረው። በ1996 በአሜሪካ የወጣው የመገናኛ ሕግ 230ኛ ክፍል ደግሞ የኮምፒዩተር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሌላ ሰው ላቀረበው ጽሑፍ አሳታሚ ወይም ተናጋሪ ሆኖ አይቆጠርም አለ። ሁለቱ ሕጎች ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው። ለ1996ቱ ሕግ ፍትሐዊ ለመሆን ምክንያቱን መናገር ይገባናል። በ1995 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት፥ መጥፎ ጽሑፍ እየለየ ያስወግድ የነበረን ኩባንያ ማስወገዱ ራሱ አሳታሚ ያደርገዋል ሲል ወስኖ ነበር፤ የሚጠርገው ተጠያቂ፥ የማይጠርገው ነጻ ሆነ ማለት ነው። ሕጉ የወጣው ይህን ለማቃናት ነው። በዚያ ዘመን ኩባንያው እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር፤ የተለጠፈበትን ይይዛል እንጂ ለማንም ወስዶ አያሳይም። በኋላ ግን ኩባንያዎቹ የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ የሚመርጥ ስልት ሠሩ፤ ሰው ብዙ ቆሞ የሚያነበውን ነገር አስቀድሞ ማቅረብም የማስታወቂያ ገቢ አመጣላቸው። ቁጣና ሐሜት ደግሞ ሰውን አቁሞ ያስነብባል። ወረቀቱን አንሥቶ ለጎረቤት የሚያሳየው ሁለተኛው ሰው አሁን ደመወዝ የሚያገኝበት ሥራ ሆነ ብንል ማጋነን አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት በ2022፥ እንግሊዝም በ2023 ባወጧቸው ሕጎች በኩባንያዎቹ ላይ ግዴታ ማስቀመጥ የጀመሩት ይህን በማየት ነው።

በአገራችን ስለ ሰው ክብር የሚናገር ሕግ እንግዳ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስም ማጥፋትንና ስድብን ይቀጣ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በ13ኛው አንቀጽ ሦስት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል፤ በሰውየው ወይም በቤተ ሰቡ ላይ ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ ማስፈራራትን፥ ስለ ተበዳዩ መረጃ በመላክ ወይም ደጋግሞ በማሠራጨት ወይም የኮምፒዩተር ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃትና የመንፈስ ጭንቀት ማሳደርን፥ ስም ማጥፋትን። ሁለተኛው ከሦስቱ የከበደ ቅጣት አለው፤ መደጋገም ራሱ በደል መሆኑን ሕጉ አውቋልና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሐሰት መረጃ የሚያሠራጨውን ሰው ቅጣት ከፍ አድርጎበታል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶችም ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ አዟል። እነዚህን ሕጎች የመንግሥት ሥራን የሚተቹ ሰዎችን ዝም ለማሰኘት ሊውሉ ይችላሉ በሚል የሰብአዊ መብት ተከራካሪዎች መንቀፋቸውም አይዘነጋም፤ በተለይ ስም ማጥፋትን በእስራት መቅጣት ለባለ ሥልጣን ጋሻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

24 ሰዓት ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ በባሕር ዳር ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የሆኑ አንድ ሰው ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ላይ ወጥቶ፥ ከጽንፈኞች ጋራ ተባባሪ ናቸው የሚል ክስ ተጻፈባቸው። ፕሮፌሰሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 2021 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው ቢያመለክትም አባቱ ከመሞታቸው በፊት እንዳልተነሣ ገልጾ፥ በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ሲል ተከራከረ። በኤፕሪል 2025 ግን ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ልጁ ዳኞቹን የጠየቀው ያንን ጽሑፍ የጻፉት እነማን ናቸው ብሎ አይደለም፤ ጽሑፉን አንሥቶ በሺህ ለሚቆጠር ሰው ያሳየው ማን ነው ብሎ ነው።